ቀን የሚነሳ፣ ንጋት ላይ አልነሳ የሚል ሞተር፦ ከሐዋሳ የአንድ ሞተር ሳይክል የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩን ለምን እንደምጽፈው

ሐዋሳ ውስጥ ሞተር ሳይክል መጠገን ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። በየዓመቱ ከኅዳር አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ አንድ ዓይነት ቅሬታ ይዞ የሚመጣ ሰው ይበዛል። «ጠዋት አልነሳ ይላል፣ ቀን ላይ ግን ምንም አይለውም።» አብዛኛው በአንድ ሰዓት ሥራ ያልቃል። ወይ ካንዴላ ነው (ብልጭታ ሰጥቶ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው)፣ ወይ የደከመ ባትሪ፣ ወይ በአቧራ የታፈነ የአየር ፊልትሮ።

ይህኛው ግን አራት ንጋት ወሰደብኝ። መጀመሪያ እኔም ተሳስቼ ነበር። የተሳሳትኩበት መንገድ ብዙ መካኒክ የሚሄድበት መንገድ ስለሆነ ከነዝርዝሩ ማስቀመጥ ፈለግሁ። የባለቤቱን ስም፣ ከእኔ በፊት ሞተሩን የነኩትን ሰዎችና የሞተሩን ስሪት አልጠቅስም። ለጉዳዩም አያስፈልጉም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሐዋሳን የሚያውቅ ሁሉ ሙቀቷን ነው የሚያስታውሰው፤ «ሐዋሳ ደግሞ ምን ብርድ አለ?» የሚለኝ ብዙ ነው። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት ይላል፤ ሌሊቱን መሬቱ ሙቀቱን ይለቃል። ንጋት ላይ 10 ዲግሪ አካባቢ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች። ያው ቀን ከሰዓት በኋላ 27 እና 28 ይደርሳል። ሞተር በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት የተለያየ አገር ያያል ማለት ነው።

ሞተሩና ባለቤቱ

ባለቤቱ ሃያዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ ወጣት ነው። ሥራው ዓሣ ማመላለስ ነው። ንጋት 12 ሰዓት ላይ አሞራ ገደል ይደርሳል፣ ከጀልባ የወረደውን ዓሣ በሳጥን ይጭናል፣ ከዚያ ለምግብ ቤቶችና ለሆቴሎች ያከፋፍላል። ለዚህ ሥራ ከቤቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ መነሳት አለበት። የቀኑ እጅግ ቀዝቃዛ ሰዓት ይኸው ነው።

ሞተር ሳይክሉ ሕንድ ሠራሽ ነው። 150 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር ደባልቆ ለሞተሩ የሚሰጠው ዕቃ)። በቁልፍም በእግር በሚመታ ኪክም ይነሳል። የገዛው ያገለገለ ሲሆን፣ የገዛውም ነሐሴ ላይ ከሃገረ ሰላም ነው። ሃገረ ሰላም ከሐዋሳ ወደ ደቡብ፣ ሲዳማ ደጋ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታዋ ከ2,700 ሜትር ያልፋል። ይህን መረጃ በመጀመሪያው ቀን ነግሮኝ ነበር። እኔም ሰምቼ አለፍኩት። እንዲያውም «ደጋ የኖረ ሞተር ነው፣ ብርድ የለመደ ነው» ብዬ በልቤ ለሞተሩ መሰከርኩለት።

ችግሩ

መስከረምና ጥቅምት ላይ ጠዋት ሦስት አራት ኪክ ይፈልግ ነበር። ያን ያህል አላስጨነቀውም። ከኅዳር አጋማሽ በኋላ ግን ነገሩ ከበደ። ሠላሳ፣ አርባ ጊዜ ይመታል። ጎረቤት ይነቃል። ካልሆነ ማርሽ አስገብቶ ቁልቁል እየገፋ ያስነሳዋል። ከተነሳም በኋላ ጋዝ ካልያዘለት ይጠፋል። አንዴ ከሞቀ ግን ሌላ ሞተር ነው፤ ቀኑን ሙሉ በግማሽ ኪክ ይነሳል።

«ጋሼ፣ ዓሣው አይጠብቀኝም» አለኝ መጀመሪያ የመጣ ቀን። «ሦስት ቀን ዘገየሁ፣ አንዱ ሆቴል ሌላ ሰው ያዘ።»

ከእኔ በፊት የተሞከረው

ወደ እኔ ከመምጣቱ በፊት ብዙ ወጪ አውጥቷል። የመጀመሪያው ባትሪ ነው። አዲስ ባትሪ ተገዛ። ሁለት ቀን የተሻለ መሰለው፣ ምክንያቱም በቁልፍ ረዘም አድርጎ ማዞር ቻለ። ከዚያ ወደ ነበረበት ተመለሰ። ቀጥሎ ካንዴላ ሁለት ጊዜ ተቀየረ። ሁለተኛው ካንዴላ ወደ እኔ ሲመጣ ገና አራት ቀኑ ነበር።

ሰፈር ውስጥ የነበሩ ልጆች ደግሞ የራሳቸውን መላ ሞክረዋል። አንዱ ካንዴላውን ፈትቶ በቀዳዳው ቤንዚን ጠብ አደረገለት። ይህ አንዳንዴ ያስነሳል፣ ግን የፈሰሰ ቤንዚን አጠገብ ብልጭታ መፍጠር ነውና እኔ አልመክረውም፤ እጁ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ። ሌላው የፈላ ውሃ አምጥቶ ካርቡሬተሩና ሲሊንደሩ ላይ ደፋበት። ሞተሩ በሁለተኛው ኪክ ተነሳ።

የፈላ ውሃ በቀዝቃዛ ብረት ላይ መድፋት ጥሩ አይደለም። ብረቱ ሊሰነጠቅ ይችላል፣ ውሃው የኤሌክትሪክ መስመር ውስጥ ይገባል። ግን ያ ውሃ አንድ ትልቅ ነገር ነግሮን ነበር። ውሃው ባትሪውን አልነካም፣ ካንዴላውንም አልለወጠም፣ የሞተሩንም ግፊት አልጨመረም። ያደረገው ካርቡሬተሩንና ነዳጁ የሚገባበትን መንገድ ማሞቅ ብቻ ነው። ሲሞቅ ከተነሳ፣ የጎደለው በቂ የቤንዚን ትነት ነው። ይህን ማሰብ የነበረብኝ በመጀመሪያው ቀን ነበር። ያሰብኩት በሦስተኛው ነው።

የመጀመሪያው ቀን፣ የእኔ ስህተት

ሞተሩን ያመጣልኝ ረፋዱ 4 ሰዓት ላይ ነው። ፀሐይ ወጥታለች፣ እሱም ከቤቱ እየነዳው ነው የመጣው። አንድ ኪክ መታሁ፣ ተነሳ። አጠፋሁት፣ ደግሜ መታሁ፣ ተነሳ።

ከዚያ እንደማንኛውም ቀን ሥራዬን ሠራሁ። የአየር ፊልትሮውን አጸዳሁ። ባትሪውን ለካሁ፣ 12.6 ቮልት፣ ጤነኛ ነው። ዘይቱ ጠቁሮ ቀኑ አልፎበት ስለነበር ቀየርኩለት። ቫልቮቹን ከፍቼ አየሁ፤ የጭስ ማውጫው ቫልቭ ክፍተት ጠበብ ብሎ ስላገኘሁት አስተካከልኩ። የጠበበ ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ላይዘጋ ስለሚችል የሞተሩን ግፊት ይቀንሳል፣ ጠዋት አለመነሳትም ያመጣል። «አገኘሁት» አልኩ።

ካንዴላውንም ፈትቼ አይቼዋለሁ። መሐሉ ያለው ሸክላ ነጭ ነበር፣ ልክ እንደ ኖራ። በደንብ የሚሠራ ሞተር ካንዴላው ወደ ቡናማ ያደላል። ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል ማለት ነው። ግን «አዲስ ስለሆነ ነው» ብዬ መልሼ አሰርኩት። አራት ቀን ሙሉ ዓሣ ያመላለሰ ካንዴላ እንደ አዲስ መታየት አልነበረበትም። ማስረጃው እጄ ላይ ነበር።

ሞተሩን ወሰደ። በማግሥቱ ንጋት 11 ሰዓት ከ45 ላይ ስልኬ ጠራ። «ጋሼ፣ ያው ነው።»

ሞተሩን ጋራዥ አሳደርኩት

ያን ጠዋት ነገሩ ገባኝ። እኔ ያየሁት የታመመውን ሞተር አልነበረም። ብርድ ላይ የሚታመምን ነገር ሙቀት ላይ ነበር የመረመርኩት። ሲሞቅ ደግሞ ጤነኛ ነው።

የጋራዡን ሞተር ለሥራው አበደርኩትና የእሱን እኔ ዘንድ አቆየሁት። ሌሊቱን እሱ ቤት እንደሚያድረው ግቢ ውስጥ፣ ጣሪያ በሌለበት አቆምኩት። በማግሥቱ 11 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ኮርቻው በጤዛ ረጥቧል። ቴርሞሜትሩ 9 ዲግሪ ይላል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን በቅደም ተከተል እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ነው ዋናው። የመጀመሪያውን ኪክ አልመታሁም። አንዴ መምታት ከጀመሩ ሞተሩ ትንሽ ይሞቃል፣ ቤንዚንም ውስጡ ይጠራቀማል፣ መጀመሪያ የነበረው ሁኔታ ይበላሻል። ስለዚህ እጄን ከኪኩ አራቅሁ።

መጀመሪያ ባትሪውን ለካሁ። 12.5 ቮልት። ቁልፉን ለሁለት ሰከንድ አዞርኩ፣ ቮልቱ ከ10 በታች አልወረደም። ባትሪው ነጻ ነው። ብርድ የባትሪን አቅም እንደሚቀንስ እውነት ነው፣ ግን በ9 ዲግሪ ጤነኛ ባትሪ አንድ 150 ሲሲ ሞተር ማዞር አያቅተውም።

ሁለተኛ፣ ካንዴላውን ፈትቼ፣ ከቀዳዳው አርቄ ብረቱ ላይ አስነክቼ አዞርኩ። ብልጭታው ሰማያዊና ወፍራም ነው። ጠዋት ገና ጨለም ስላለ በደንብ ይታያል። የካንዴላው ቆብ ውስጥም እርጥበት የለም። እሳትም ነጻ ነው።

ሦስተኛ፣ ካንዴላውን መልሼ አሰርኩ። ቾኩን፣ ማለትም ለቀዘቀዘ ሞተር ተጨማሪ ቤንዚን የሚሰጠውን፣ እስከ መጨረሻ ሳብኩ። ጋዝ ሳልሰጥ አምስት ጊዜ ኪክ መታሁ። አልተነሳም። ወዲያው ካንዴላውን ፈታሁ።

ደረቅ ነው። ጣቴን አሻሸሁበት፣ አሸተትኩት። የቤንዚን ሽታ የለም ማለት ይቻላል። ቾክ ተስቦ አምስት ኪክ የተመታ ሞተር ካንዴላው ቢያንስ መርጠብ አለበት። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ሁላችንም «ቤንዚን አፍኖታል» ብለን ነበር የምናስበው፣ ምክንያቱም አርባ ጊዜ የተመታ ሞተር ሁሉ በመጨረሻ ቤንዚን ይሸታል። የመጀመሪያዎቹ አምስት ኪኮች ግን ተቃራኒውን ተናገሩ። ሞተሩ በነዳጅ አልታፈነም፣ ነዳጅ ተርቦ ነው።

አራተኛው ሙከራ ነገሩን ጨረሰው። ከአየር ፊልትሮ ወደ ካርቡሬተር የሚመጣውን ጎማ ነቀልኩ። የካርቡሬተሩን አፍ በመዳፌ ሸፈንኩና ኪክ መታሁ። መዳፍ አየሩን ሲዘጋ ሞተሩ በኃይል ቤንዚን ይስባል፤ እጅ ራሱ ቾክ ይሆናል ማለት ነው። በሁለተኛው ኪክ «ቡፍ» አለ። በሦስተኛው ተነስቶ ሦስት አራት ጊዜ ተንጫጫና ጠፋ። መዳፌ ላይ ቀዝቃዛ የቤንዚን ጠብታ ነበር። (ይህን የሚሞክር ሰው ፊቱንና እጅጌውን ያርቅ። ሞተር አንዳንዴ በካርቡሬተሩ በኩል እሳት ይተፋል።)

ምን ተገኘ

ካርቡሬተሩን ፈትቼ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሦስት ነገር አገኘሁ።

አንደኛው ቾኩ ነው። በእንደዚህ ዓይነት ካርቡሬተር ቾክ ሲሳብ አንዲት ትንሽ ዘንግ ወደ ላይ ትነሳለች፣ ከሥሯ ተጨማሪ የነዳጅ መንገድ ይከፈታል። መሪው ላይ ያለው ማንሻ ጥግ ድረስ ይሄዳል። ዘንጓ ግን መነሳት ከሚገባት ከግማሽ በታች ነው የምትነሳው። ገመዱ ረዝሞ ላልቷል፣ ጫፉም ታጥፏል። ከላይ ለሚያየው ሰው ቾኩ ይሠራል። ከታች አይሠራም።

ሁለተኛው ሚኒሞው፣ ማለትም ሞተሩ ያለ ጋዝ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር ነው። ሞተር ያለ ጋዝ ሲዞር ነዳጁን የሚያገኘው በአንዲት ባለ ቀዳዳ ትንሽ ብሎን በኩል ነው። ብሎኗ ላይ ቁጥር ተቀርጿል። ከዚህ ሞተር ጋር ከፋብሪካ የሚመጣው ቁጥር አልነበረም፤ ያነሰ ነው። ቀዳዳዋ ጠባብ ናት ማለት ነው። በዚያ ላይ የአየሩ ብሎን ሦስት ዙር ተኩል ተፈትቷል። የተለመደው ሁለት ዙር አካባቢ ነው። ነዳጅ ቀንሷል፣ አየር ጨምሯል።

ሦስተኛው ውሃ ነው። ከካርቡሬተሩ ሥር ካለው የነዳጅ ኩባያ ያለውን በብርጭቆ ቀዳሁት። ወደ ብርሃን አንስቼ ሳየው ከታች በኩል የሽምብራ ፍሬ የሚያህሉ ሁለት ጠብታዎች ይንከባለላሉ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ሁሌም ከታች ነው የሚገኘው። ልጁ ሰልፍ ሲበዛበት መንገድ ላይ በሃይላንድ የሚሸጥ ቤንዚን ይገዛል። ታንኩም ሌሊት ግማሽ ባዶ ሆኖ በጤዛ ያድራል። ከሁለቱ የትኛው እንዳመጣው አልፈርድም። ሁለቱም ይችላሉ።

ያን ጠባብ ብሎን ማን አስገባው? ልጁ ለሸጠለት ሰውዬ ደወለ። ሰውዬው ሳይደብቅ ነገረው። ሃገረ ሰላም ላይ ሞተሩ ጥቁር ጭስ እያበዛ፣ ቤንዚን እየፈጀ አስቸግሮት ነበር። የአካባቢው መካኒክ «አወፍሮታል» ብሎ፣ ቤንዚን በዝቶበታል ማለቱ ነው፣ ብሎኗን በትንሽ ቁጥር ቀየረለት፣ አየርም ጨመረለት። ሞተሩም ተስተካከለለት።

ያ መካኒክ ልክ ነበር። ይህን አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ከሐዋሳ ወደ ሃገረ ሰላም ስንወጣ ከፍታው 1,000 ሜትር ያህል ይጨምራል፣ አየሩም አሥር በመቶ ገደማ ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን አየሩ መሳሳቱን አያውቅም። ነዳጁን አየሩ በሳሳበት ልክ አይቀንስም። ስለዚህ ደጋ ላይ ድብልቁ ይወፍራል፣ ጭስ ይመጣል። መቀነስ ትክክል ነው። ሞተሩ ሲሸጥና ወደ ሐዋሳ ሲወርድ ግን ያ ማስተካከያ አብሮ ወረደ። እዚህ አየሩ ወፍራም ነው፣ ነዳጁ ግን ለሳሳ አየር የተለካ ነው። ድብልቁ ሳሳ።

«ታዲያ ደጋው ከዚህ ይበርዳል፣ እዚያ እንዴት ይነሳ ነበር?» ብሎ ልጁ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። እዚያ ቢበርድም ድብልቁ ለአየሩ ልክ ነበር፣ ቾኩም ያኔ ይሠራ ነበር ብዬ እገምታለሁ። እዚህ ግን ሁለቱ ተደረቡ። ቤንዚን ሲበርድ በደንብ አይተንም፤ የሚቃጠለው ደግሞ ትነቱ ነው። ቾክ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ብዙ ቤንዚን ሰጥቶ ከዚያ ውስጥ የሚተነው ክፍል እንዲበቃ ለማድረግ። ሚኒሞው ሳስቶ ቾኩ ቢሠራ ኖሮ ሞተሩ ይነሳ ነበር። ቾኩ ደክሞ ሚኒሞው ልክ ቢሆን ኖሮም በአምስት ስድስት ኪክ ይነሳ ነበር። በመስከረምና በጥቅምት ሙቀቱ ይሸፍንላቸው ነበር። ኅዳር መጣና ሽፋኑን ገፈፈው።

ጥገናው፣ አንድ በአንድ

ሁሉንም በአንድ ጊዜ ቀይሬ መገላገል እችል ነበር። ግን የትኛው ምን ያህል እንደሚያጠፋ ማወቅ ፈለግሁ፣ ልጁም የተበደረው ሞተር ስላለው አልቸኮለም። ስለዚህ በየንጋቱ አንድ ነገር ብቻ ለመለወጥ ወሰንኩ።

በሁለተኛው ንጋት የቾኩን ገመድ ቀይሬ፣ ኩባያውንና ታንኩን ከውሃ አጽድቼ ሞከርኩ። እነዚህ ሁለት ናቸው፣ መለየት ነበረብኝ፤ ግን ውሃ እንዳለበት እያወቅሁ መልሼ መግጠም አልሆነልኝም። በዘጠነኛው ኪክ ተነሳ። ቾኩን ስመልስ ግን ጠፋ። ሁለቴ እንዲህ አደረገ።

በዚያው ቀን የአየሩን ብሎን ከሦስት ዙር ተኩል ወደ አንድ ተኩል አጠበብኩት። ባለ ቀዳዳዋን ብሎን መፈለግ ስላልፈለግሁ በዚህ አልፈዋለሁ ብዬ ነው። በሦስተኛው ንጋት በአምስተኛ ኪክ ተነሳ፣ ግን ሚኒሞው አልረጋም። አንዴ ይጮኻል፣ አንዴ ይወርዳል። ጋዝ ሲከፈት ለቅጽበት ይሰናከላል። አቋራጩ አልሠራም። የጠበበ ቀዳዳን በአየር ብሎን ማካካስ እስከ ተወሰነ ድረስ ነው።

ትክክለኛውን ቁጥር ሐዋሳ ባሉ ሦስት መለዋወጫ ቤቶች ጠየቅሁ፣ አልነበረም። ሻሸመኔ ላይ ከተጋጨ ተመሳሳይ ሞተር ከተፈታ ካርቡሬተር ውስጥ ተገኘ። በመርፌ ሳይሆን በአየር ግፊት አጽድቼ አስገባሁት። መርፌ ቀዳዳውን ያሰፋዋል፣ ቁጥሩም ያኔ ትርጉም ያጣል። የአየሩን ብሎን ሁለት ዙር ላይ አደረግሁ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በጆሮዬ ትንሽ አረምኩት።

አራተኛው ንጋት፣ 8 ዲግሪ። ቾክ ተሳበ፣ ጋዝ የለም። በሁለተኛው ኪክ ተነሳ። ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ ቾኩን ግማሽ መለስኩ፣ ሌላ ደቂቃ ቆይቶ ሙሉ በሙሉ። ሚኒሞው ረጋ። ልጁን ጠራሁትና በማግሥቱ ራሱ እንዲያስነሳው አደረግሁ።

እሱ ሲያስነሳ አልተነሳም። ደንግጬ አየሁት። ኪክ በመታ ቁጥር በቀኝ እጁ ጋዙን እስከ መጨረሻ ይከፍታል። ወራት ሙሉ ከሞተሩ ጋር ሲታገል የለመደው ነው። በዚህ ዓይነት ካርቡሬተር ቾክ የሚሠራው ጋዙ ሲዘጋ በሚፈጠረው መሳብ ነው። ጋዝ ሲከፈት መሳቡ ይቀንሳል፣ ቾኩም ይዳከማል። «እጅህን አንሳ» አልኩት። እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። በሁለተኛው ኪክ ተነሳ።

ለሌላ ሞተር የሚጠቅም

ጠዋት የማይነሳ ሞተር ይዞ ለሚመጣ ሰው አሁን የምለው አንድ ነው፦ ሞተሩ ይደር። ማሳደር ካልተቻለ ባለቤቱ ራሱ ንጋት ላይ አንድ ነገር ያድርግ፤ አምስት ኪክ ብቻ ይምታ፣ ካንዴላውን ይፍታ፣ በስልኩ ፎቶ ያንሳው። ደረቅ ከሆነ ነዳጅ አልደረሰም። ከረጠበ ነዳጁ ደርሷል፣ ችግሩ እሳት ወይም ግፊት ላይ ነው፣ ወይም ነዳጁ በዝቷል። ይህ አንድ ፎቶ ሁለት ባትሪ ከመግዛት ያድናል።

ከረጠበና ካፈነ መፍትሔው ተቃራኒ ነው። ቾኩ ይመለስ፣ ጋዙ እስከ መጨረሻ ይከፈት፣ እንደተከፈተ አምስት ስድስት ጊዜ ይመታ። ትርፍ ቤንዚኑ ይወጣል። ደረቁን እንደ እርጥብ፣ እርጥቡን እንደ ደረቅ ማከም ነው ብዙ ሰው ጠዋቱን የሚያቃጥልበት።

ባትሪን በተመለከተ፣ ሞተሩ በኪክም ካልተነሳ አዲስ ባትሪ ከመግዛት በፊት ብልጭታው ይታይ። አንዳንድ ሞዴሎች ብልጭታቸውን የሚያገኙት ከባትሪ ስለሆነ ባትሪ የሞተበት ሞተር በኪክም ላይነሳ ይችላል። ብልጭታው ወፍራም ሆኖ ከታየ ግን ባትሪው ከክሱ ነጻ ነው።

የአየሩን ብሎን የሚነካ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ቦታውን ይይ። ብሎኑ ከአየር ፊልትሮ በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው አየር ነው፤ ሲፈታ ድብልቁ ይሳሳል። ከሞተሩ በኩል ከሆነ የሚቆጣጠረው ነዳጅ ነው፤ ሲፈታ ይወፍራል። ይህን ሳያዩ ያዞሩ ሰዎች ያበላሹትን ሞተር በየሳምንቱ አያለሁ። ከመንካት በፊት ስንት ዙር እንደነበር ቆጥሮ መጻፍም አይጎዳም።

ያገለገለ ሞተር የሚገዛ ሰው ኪሎ ሜትሩንና ሊብሬውን ይጠይቃል። የት እንደኖረ ግን አይጠይቅም። እኛ ያለንበት አካባቢ ቆላና ደጋው በአንድ ሰዓት መንገድ የሚለያይ ነው። ከሃገረ ሰላም ወይም ከሌላ ደጋ የወረደ ባለ ካርቡሬተር ሞተር ገዝቶ ሐዋሳ ላይ ለሚነዳ ሰው፣ የሚኒሞዋን ብሎን ቁጥር ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ከሐዋሳ ወደ ደጋ ለሚወጣም እንዲሁ በተቃራኒው።

ስለ ዘይትና ስለ ቫልቭ፣ ሁለቱንም በመጀመሪያው ቀን ነክቻለሁ። መሠራታቸው ጥሩ ነው፣ ኪኩም ቀለል ብሏል። መንስኤው ግን እነሱ አልነበሩም።

በኋላ

ይህን ስጽፍ ጥር ሊያልቅ ነው። ልጁ ታኅሣሥንና ጥርን ያለ አንድ ቀን መዘግየት አሳልፏል። ለጥምቀት ወደ ሃገረ ሰላም ዘመድ ጥየቃ ወጥቶ ነበርና ከዚያ ደወለልኝ። «ትንሽ ያጨሳል፣ እዚህ መካኒክ ላሳየው?» አለኝ። እንዳያስነካው ነገርኩት። ለሁለት ቀን ትንሽ ቢያጨስ አይጎዳውም፣ ሲወርድ ይተወዋል። ሲወርድም ተወው።

ያቺን ጠባብ ብሎን አልጣልኳትም። በወረቀት ጠቅልዬ፣ በፕላስተር ከኮርቻው ሥር ለጥፌለታለሁ። ወረቀቱ ላይ በእስክሪብቶ «ለደጋ» ብዬ ጽፌበታለሁ። አንድ ቀን ሞተሩን ወደ ላይ የሚወስድ ሰው ቢገዛው፣ የዚያኛው አገር መካኒክ ኮርቻውን ሲያነሳ ያገኛታል።